ዲስክ የሞተ ዕለት ሲንክ እንዳትነኩ፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ የፓሪቲ ተሞክሮ

በጥር ሁለት ካሜራ ይዞ ሠርግ የሚወጣ ስቱዲዮ ስንት ጊጋ ተሸክሞ እንደሚመለስ እስኪ አስሉት። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በፎርኬ የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ሁለቱ ካሜራዎች አምስት አምስት ሰዓት ቢቀርጹ 450 ጊጋ ሞላ፤ መልሱና ቅልቅሉ ሳይጨመር ነው ይሄ። ባለ 4 ቴራ ዲስክ ዘጠነኛውን ሠርግ አይችልም። ከዚያ በኋላ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ የሚደረገው አንድ ነው፤ አዲስ ኤክስተርናል ይገዛል፣ የሞላው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መሳቢያው የሚከፈተው ባለሠርጎቹ ከዓመታት በኋላ "ያቺ ፍላሽ ጠፋችብን፣ እባካችሁ ድጋሚ ጫኑልን" ብለው ሲመጡ ነው። ዲስኩም ጠቅ ጠቅ ማለት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ብራና ፎቶ እያነሱ የሚያስቀምጡትም ያው ናቸው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ አንድ ገጽ ሳይጨመቅ ቲፍ በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ 72 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ገጽ ነውና ወደ 22 ጊጋ ይጠጋል። የዲማ ጊዮርጊስን፣ የመርጡለ ማርያምን፣ የደብረ ወርቅን ዕቃ ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር የት እንደሚደርስ መንገር አያሻም። ኢንተርኔት ላይ ይጫን ቢባል፣ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር የአንድ ካሜራ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ብቻ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ለዚያውም መስመሩም መብራቱም ሳይቋረጥ።

እኛም ዲስክ ሞቶብን አንድም ሠርግ ሳናጣ የወጣነው በፓሪቲ ነው፤ የሞተ ዲስክ ይዘት ከቀሩት ዲስኮች በሒሳብ የሚመለስበት ዘዴ ነው። ይህን የምጽፈው ዳታው እንደዚህ ዓይነት ለሆነ ሰው ነው፤ ብዛቱ ከባድ፣ አንዴ ከገባ በኋላ የማይለወጥ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ ለማስቀመጥ ደግሞ የዲስክ ዋጋ የማያስችለው። ለባንክና ለሆስፒታል የሚሆነው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ይግባችሁ፤ ኋላ የሚመጡት ጥንቃቄዎች ሁሉ ከዚህ ይወጣሉ። ኮምፒውተር ሁሉን ነገር በዜሮና በአንድ ነው የሚጽፈው። ሦስት ዲስክ አለን እንበል። አንደኛው ዲስክ የሆነ ቦታ ላይ 1 ይዟል፣ ሁለተኛው በዚያው ቦታ 0፣ ሦስተኛው 1። አንዶቹን ቁጠሩ፤ ሁለት ናቸው፣ ተጋማሽ ቁጥር። ስለዚህ አራተኛው ዲስክ ላይ በዚያው ቦታ 0 ይጻፋል። ብዛታቸው ጎዶሎ ቢሆን ኖሮ 1 ይጻፍ ነበር። ይህ አራተኛው ዲስክ የፓሪቲ ዲስክ ይባላል። አሁን ሁለተኛው ዲስክ ሞተ። ፓሪቲው 0 ስለሚል የአንዶቹ ብዛት ተጋማሽ መሆን አለበት፤ ከቀሩት ዲስኮች ሁለት አንድ አገኘን፤ እንግዲያው የጠፋው 0 ነበር። ባለ 4 ቴራ ዲስክ ሲሞት ኮምፒውተሩ ይህንኑ 32 ትሪሊዮን ጊዜ ይደግመዋል፣ ዲስኩም እንደነበረ ይመለሳል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። በአንድ ፓሪቲ የሚመለሰው አንድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ሁለት ካልታወቀ ሒሳቡ አይወጣም። ደግሞ ሒሳቡ የሚወጣው የቀሩት ዲስኮች ፓሪቲው ሲሰላ እንደነበሩ ካሉ ነው። ሁለተኛዋን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እመለስባታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራውን፣ ሬይድ የሚባለውን አሠራር ደረጃ በደረጃ አስቀምጠው ካሳተሙ ወዲህ ፓሪቲ ሲባል ሰው የሚያስበው ሬይድ 5ን ነው። ሬይድ 5 እያንዳንዱን ፋይል ቆራርጦ በሁሉም ዲስኮች ላይ ይበትነዋል፣ ፓሪቲውንም እዚያው በዚያው ያሰላል። አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራ አይቆምም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። እኛ አገር ግን ሦስት ነገር ያስቸግረዋል። አንደኛ፣ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ከሄደ ዳታውና ፓሪቲው ሳይገጥሙ ይቀራሉ፤ አለመግጠሙ የሚታወቀው ደግሞ ዲስክ ሞቶ መመለስ ሲጀመር ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ዲስክ ከሞተ የሦስተኛውና የአራተኛውም ዳታ አብሮ ይሄዳል፣ ምክንያቱም አንድም ዲስክ ብቻውን ሙሉ ፋይል አልያዘም። ሦስተኛ፣ በማዘርቦርዱ ሬይድ የተሠራ ከሆነና ክረምት ላይ መብረቅ ማዘርቦርዱን ካቃጠለው፣ ያንኑ ዓይነት ቦርድ ፍለጋ መዞር ሊመጣ ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ዳታ የምመክረው ስናፕሬይድ የሚባለውን ሶፍትዌር ነው። አንድሪያ ማዞሌኒ የሠራው ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ዲስኮቻችሁ እንደወትሮው ተራ ዲስክ ሆነው ይቀራሉ፤ አንዱን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት ፋይሎቹ ይከፈታሉ። ሁለት ዲስክ ቢሞትም የቀሩት ላይ ያለው አይነካም። ፓሪቲው የሚሰላው ግን እናንተ "ሲንክ" ብላችሁ ስታዙት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የገባ ሠርግ ማታ ሲንክ እስኪደረግ ድረስ ጥበቃ የለውም፤ ስለዚህ እስከዚያ ከካሜራው ሚሞሪ ላይ አይጥፋ። ኤዲት እየተደረገ ያለ ፕሮጀክትም በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ እዚህ ዲስኮች ላይ አይቀመጥ፤ ለብቻው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ሠርታችሁ ያለቀውን ብቻ አስገቡ።

ወደ ግዢው እንምጣ። ለአንድ ስቱዲዮ መነሻ የሚሆነው አራት ባለ 4 ቴራ ባለ 3.5 ኢንች የዴስክቶፕ ዲስክ ነው፤ ሦስቱ ለዳታ፣ አንዱ ለፓሪቲ። 12 ቴራ ትጠቀማላችሁ። ይህንኑ 12 ቴራ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ስድስት ዲስክ ይጠይቃችሁ ነበር። የፓሪቲው ዲስክ ከዳታ ዲስኮቹ ከትልቁ ማነስ የለበትም። የዳታ ዲስኮቹ የግድ እኩል ይሁኑ አይባልም፤ ባለ 1 እና ባለ 2 ቴራ አሮጌ ዲስክ ካላችሁ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ አብሮ ይገባል። የዳታ ዲስኮቹ አምስት ከደረሱ ሁለተኛ ፓሪቲ ጨምሩ። አንዱን ዲስክ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለዳታ፣ ግማሹን ለፓሪቲ ማድረግ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ።

ከተቻለ አራቱንም ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ካርቶን አትግዙ። አብረው የተሠሩ፣ አብረው የተጓዙ፣ ምናልባትም አብረው የወደቁ ዲስኮች ተከታትለው ሊሞቱ ይችላሉ። በርካሽ የሚሸጠውን "16 ቴራ" የሚል ትንሽዬ ኤክስተርናል ተዉት፤ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ፍላሽ ነው፣ ቁጥሩ ተጭበርብሮ ነው የሚታየው። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናሎችን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አብዛኞቹ ኤስኤምአር በሚባለው ዘዴ፣ ትራኮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አደራርበው ነው የሚጽፉት፤ ብዙ ሲጻፍባቸው ይንቀራፈፋሉ፣ ለፓሪቲ ዲስክነት አይመቹም። አንዳንዶቹ ደግሞ የዩኤስቢ መሰኪያው ዋናው ቦርድ ላይ ስለሚበየድ፣ መሰኪያው ሲሰበር ከካሳው አውጥቶ በሳታ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው የዲስክ መሰኪያ) መሰካት አይቻልም። ኤስኤምአር በርካሾቹ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ከሚሸጣቸው ቀይ ዲስኮች ከፊሎቹ በዚሁ ዘዴ እንደሚሠሩ በይፋ አሳውቋል። ሞዴሉን አይታችሁ ግዙ።

ዲስኩ ከአዲስ አበባ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ የሚመጣ ከሆነ አውቶብስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ይያዝ። ሲደርስም ወዲያው ዳታ አትጫኑበት። ዊንዶውስ ላይ ፎርማት ስታደርጉ "ኪውክ" የሚለውን ምልክት አንሱና ሙሉ ፎርማት አድርጉ፤ ባለ 4 ቴራው ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ደካማ ሆኖ የመጣ ዲስክ እዚህ ላይ ይጋለጣል፣ ሱቁም ገና ይቀይርላችኋል።

ከፍታን የሚያነሳ ሰው የለም እንጂ ለጎጃም ጉዳይ ነው። ተራው ሐርድ ዲስክ በትንሽ ቀዳዳ አየር ይስባል፣ አንባቢው ራስም የሚንሳፈፈው በዚያ አየር ላይ ነው። የአብዛኞቹ ዲስኮች መግለጫ እየሠሩ የሚቻላቸው እስከ 3,048 ሜትር እንደሆነ ይናገራል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ናትና ችግር የለም፤ ጮቄ ሥር ከ3,000 በላይ ለሚቀመጥ ዲስክ ግን በሂሊየም የታሸገ ወይም ኤስኤስዲ ካልሆነ ከመግለጫው ውጭ ነው። ሌላው፣ በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ዲስክ የማቀዝቀዝ አቅሙ ያነሰ ነው። ከዲስኮቹ ፊት ለፊት አንድ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ግጠሙ። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በታች ይሁን፤ 50 ካለፈ የሆነ ነገር ተዘግቷል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አቧራ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንድ ከ20 ዋት በላይ ይስባል፤ አራት ሲሆኑ ወደ 100 ዋት። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ እዚህ ላይ ይንበረከክና አንዱ ዲስክ "አይታይም" ይባላል፤ ዲስኩ ደህና ሆኖ ሳለ። የሳታ ፓወር መከፋፈያ ስትገዙ ጫፉ ላይ ሽቦው በፕላስቲክ የተደፈነውን አትግዙ፤ ውስጡ ሾርት አድርጎ የሚያቃጥል ነው፣ ዲስክም አብሮ ይቃጠላል። ዩፒኤስ ግድ ነው። 650 ቪኤ የሆነው አንድ ዴስክቶፕ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። ውስጡ ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር አወር ባትሪ በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ጮኾ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል፤ ሳጥኑን አትጣሉ፣ ባትሪውን ብቻ ቀይሩ።

አሁን አሠራሩ። ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጠራቸው፣ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ነው። ስናፕሬይድ አንድ የማስተካከያ ፋይል አለው። እዚያ ውስጥ የፓሪቲው ፋይል የሚቀመጥበትን ዲስክ፣ ከዚያ "ዳታ ዲ1"፣ "ዳታ ዲ2"፣ "ዳታ ዲ3" እያላችሁ የሦስቱን ዲስኮች አድራሻ ትጽፋላችሁ። "ኮንተንት" የሚባለው ፋይል ደግሞ የፋይሎቹን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ቁራጭ አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር፣ የያዘ መዝገብ ነው። እሱ ከጠፋ ፓሪቲው ብቻውን አይረባም። ስለዚህ ቢያንስ ከፓሪቲው ቁጥር በአንድ የበለጠ ቅጂ ይጠየቃል፤ እኔ ሦስት አደርገዋለሁ፣ አንዱ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ሁለቱ በሁለት የዳታ ዲስኮች ላይ።

በዚያው ፋይል ውስጥ "አውቶሴቭ" የሚል መስመር አለ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ መስመር ዋጋው ትልቅ ነው። ቁጥሩን 50 ካደረጋችሁት በየ50 ጊጋው የደረሰበትን ይመዘግባል፤ መብራት ቢሄድ ከዚያ ይቀጥላል። ካልሞላችሁት በሰባተኛው ሰዓት ላይ የሄደ መብራት ሁሉንም ከሀ ያስጀምራችኋል። የመጀመሪያው ሲንክ ሁሉንም ዲስክ እኩል ስለሚያነብ ባለ 4 ቴራዎቹ በሳታ ከተሰኩ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። አንዱ በዩኤስቢ 2 ከተሰካ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ላይ ይጎተትና ከ30 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ዩፒኤሱ ሲጮኽ ኮንትሮልና ሲን ተጫኑ፤ የደረሰበትን መዝግቦ በሥርዓት ይቆማል።

ስለ ትንንሽ ፋይሎች አንድ ነገር። ስናፕሬይድ ፓሪቲውን የሚያሰላው በ256 ኪሎባይት ቁራጭ ነው፤ 10 ኪሎባይት የሆነ ፋይልም አንድ ሙሉ ቁራጭ ይይዛል። አንድ ሚሊዮን ትንንሽ ፋይል ያለበት ዲስክ ፓሪቲው ላይ ከመቶ ጊጋ በላይ ያባክናል፣ ዳታው ገና ሳይሞላ ፓሪቲው "ሞላሁ" ይላል። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን ካሽ (ጊዜያዊ ፋይሎቹን) እና የፎቶ ቅንጭቦችን "ኤክስክሉድ" በሚለው መስመር አስወጧቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ልማድ ነው። አዲስ ሠርግ ከገባ ማታውን ሲንክ። ከሲንክ በፊት ግን ሁልጊዜ "ዲፍ" በሉ። ስንት ፋይል እንደተጨመረ፣ እንደጠፋ፣ እንደተለወጠ፣ ቦታ እንደቀየረ ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ዛሬ ምንም ሳታጠፉ "የጠፉ 800" ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። ወይ ዲስክ ተነቅሏል፣ ወይ አንድ ሰው ፎልደር ደልቷል (ዲሊት አድርጓል)፣ ወይ ቫይረስ ገብቷል። በዚህ ሰዓት ከአንድ ዲስክ የጠፋው ሁሉ ገና ከፓሪቲው ይመለሳል፤ ሲንክ ካላችሁ ግን ፓሪቲው መጥፋቱን ተቀብሎ ያጸድቀዋል። ለዚህ ነው ሲንክን በሰዓት ራሱ እንዲነሳ ማድረግን የማልወደው። አብዛኛው መመሪያ አውቶማቲክ አድርጉት ይላል፤ እኔ ሰው ዓይቶ ቢጫነው እመርጣለሁ።

አሁን ቅድም እመለስበታለሁ ወዳልኩት። ሦስተኛው ዲስክ ላይ የነበረውን 1 አስታውሱ። የድሮ ሠርግ አጥፍታችሁ ቦታው ሌላ ነገር ተጻፈበት፣ ሲንክ ግን አላደረጋችሁም እንበል። በዚያ መካከል ሁለተኛው ዲስክ ቢሞት፣ በዚያ ቦታ ላይ ሁለት ያልታወቀ ነገር አለ፤ የሞተው ዲስክ ቢትና የተደለተው። አይመለስም። ከዲስክ ሦስት ያጠፋችሁት ፋይል የዲስክ ሁለትን ሠርግ ይዞት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ቦታ ለማስለቀቅ ስትፈልጉ ፋይሎቹን ከእነዚህ ዲስኮች ውጭ ባለ ፎልደር አቆዩ፣ ሲንክ አድርጉ፣ ከዚያ ደልቱ። በመሐል ዲስክ ቢሞት ያንን ፎልደር "ኢምፖርት" በሚለው አማራጭ ለስናፕሬይድ ስትሰጡት በስም ሳይሆን በአሻራቸው ለይቶ ይጠቀምባቸዋል።

በሳምንት አንድ ቀን "ስክራብ" በሉ። ሳትነግሩት ከጠቅላላው 8 በመቶውን፣ አሥር ቀን ያለፈውን መርጦ አንብቦ ከአሻራው ጋር ያመሳክራል፤ በየሳምንቱ ከተደረገ ሁሉም በሦስት ወር አንዴ ይነበባል። ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ የኖረ ዲስክ ጤንነቱ አይታወቅም፤ ፓሪቲ ደግሞ በክፉ ቀን የሌሎቹን ዲስኮች እያንዳንዷን ቦታ ማንበብ ይፈልጋል። ከዚህ ጋር የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ሶፍትዌር በወር አንዴ ክፈቱ። የተበላሹና የማይነበቡ ቦታዎችን የሚቆጥሩት ቁጥር 5፣ 197 እና 198 (ሶፍትዌሩ 05፣ C5 እና C6 ብሎ ነው የሚጽፋቸው) ዜሮ መሆን አለባቸው። 197 ላይ ጥቂት እንኳ ከታየና በሚቀጥለው ሳምንት ከጨመረ፣ ዲስኩ ገና እየሠራ ሳለ ለመቀየር ተዘጋጁ። 199 (C7) ብቻውን ከጨመረ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኬብሉ ነው፤ ሳታ ኬብሉን ቀይሩ እንጂ ዲስክ አትግዙ።

አሁን ዲስኩ የሞተበት ዕለት። ዲ2 አይታይም፣ ወይም ይታያል ግን ፎልደሩ ባዶ ነው፣ ወይም ዊንዶውስ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ይጠይቃል። አይሆንም በሉት። ሰው በዚህ ሰዓት ደንግጦ የሚያደርገው ሲንክ ማለት ነው፤ "ሲንክ ካደረግኩት ይስተካከል ይሆናል" ብሎ። ስናፕሬይድ እዚህ ላይ ራሱ ይቆምና በዲ2 የነበሩት ፋይሎች በሙሉ ጠፍተዋል፣ በእርግጥ ይህን ከፈለጋችሁ "ፎርስ ኢምፕቲ" የሚለውን ጨምሩ ይላል። ማስጠንቀቂያው ውስጥ ትእዛዙ ተጽፎ ስለሚታይ ብዙ ሰው መፍትሔው መስሎት ያንኑ ይገለብጣል። ያን ጊዜ ዲ2 ከመዝገቡ ወጣ፣ ፓሪቲውም ያለ እሱ ተሰላ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። መብራት በድንገት ከሄደ በኋላም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል፤ አንዳንድ ፋይል መጠኑ ዜሮ ሆኖ ይገኛል፣ ስናፕሬይድም "ፎርስ ዜሮ" የሚለውን ያሳያችኋል። አትጻፉት። እነዚያን ፋይሎች በስማቸው "ፊክስ" አድርጋችሁ ከፓሪቲው መልሱ፣ ከዚያ ነው ሲንክ።

እንግዲህ ተረጋጉና ኮምፒውተሩን ዝጉ። ኬብሉን ነቅላችሁ በሌላ ኬብልና በሌላ መሰኪያ ሞክሩ፤ ሞተ የተባለ ዲስክ ከኬብል የሚነሳበት ጊዜ ትንሽ አይደለም። ካልሆነ ዲስኩን ስታወጡ ሴሪያል ቁጥሩን አንብባችሁ አውጡ። ደህናውን ነቅሎ የሞተውን መተው በትልልቅ ድርጅቶችም የሚደርስ ነው። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ደጋግማችሁ አታስነሱት። ጠቅ የማይልና አንዳንድ ፋይል ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ግን የሚነበበውን አስቀድማችሁ ወደ አዲሱ ዲስክ ብትገለብጡ ፊክሱ ይቀለዋል። በሮቦኮፒ (በዊንዶውስ የመገልበጫ ትእዛዝ) ከሆነ የድጋሚ ሙከራውን ቁጥር 1፣ የመጠበቂያውንም 1 አድርጉት፤ ካልነገራችሁት አንድ የተበላሸ ፋይል ላይ በየ30 ሴኮንዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል።

አዲሱን ዲስክ ሰክታችሁ ፎርማት አድርጉ፣ በዲስክ ማኔጅመንት የሞተውን ዲስክ የድራይቭ ፊደል ስጡት፤ የማስተካከያው ፋይል ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ "ፊክስ" ብላችሁ "ማይነስ ዲ" ካደረጋችሁ በኋላ "ዲ2" ብላችሁ ስሙን ጻፉ፣ ውጤቱንም ሎግ ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ እዘዙት። "ማይነስ ዲ"ውን ከረሳችሁት ደህና የሆኑትንም ዲስኮች ወደ ድሮው ሊመልስ ይነሳል፤ ከመጨረሻው ሲንክ በኋላ ያስተካከላችሁት ፋይል ካለ ይለወጥባችኋል። ለ4 ቴራ ስምንት ሰዓት ያህል ይጠብቁ ይሆናል። በዚያ ጊዜ በእነዚያ ዲስኮች ላይ ምንም አትጻፉ፣ ምንም አትደልቱ፣ ልጆቹም ፊልም አይክፈቱበት። ሊመለስ ያልቻለ ፋይል ካለ "አንሪከቨረብል" የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት ታገኙታላችሁ። ሬይድ 5 ሲመለስ አንድ የማይነበብ ቦታ ካገኘ ጠቅላላ ሥራው ሊቆም ይችላል፤ እዚህ ግን የሚጎዳው ያ ፋይል ብቻ ነው። የብዙ ተራ ዲስኮች መግለጫ በ12.5 ቴራባይት ንባብ ውስጥ እስከ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም እንደሚችል ስለሚያስቀምጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ፊክሱ ሲያልቅ በዚያው በዲ2 ላይ "ቼክ" አድርጉ፤ አሻራውን ብቻ የሚያመሳክረው "ማይነስ ኤ" ይበቃል። ሁለት ሦስት ሠርግ ከፍታችሁ መሐል መሐሉን እዩ። ሲንክ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሞተው የፓሪቲው ዲስክ ራሱ ከሆነ ደግሞ ዳታችሁ ምንም አልሆነም፤ አዲስ ሰክታችሁ በ"ፊክስ" ላይ "ማይነስ ዲ" አድርጋችሁ "ፓሪቲ" ብላችሁ ስትሰጡት እንደገና ይሠራዋል።

ፓሪቲ ከሌባ፣ ከእሳትና ከመብረቅ አያድንም። አራቱም ዲስክ አንድ ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ የሚለው ደንብ ለ12 ቴራ ከአቅም በላይ ከሆነ ምረጡ፤ ያለቀለት ቪዲዮና የብራናው ፎቶ በሙሉ በአንድ ኤክስተርናል ተገልብጦ ባሕር ዳር ወይም ቡሬ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፣ ጥሬው ቀረጻ በፓሪቲ ብቻ ይጠበቅ። ያንን ኤክስተርናል ከመላካችሁ በፊት መልቲፓር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር 10 በመቶ የመጠገኛ ፋይል ጨምሩበት። ይህም የፓሪቲ ወገን ነው፤ ዲስኩ ላይ ጥቂት ቦታ ቢበላሽ በዚያ ፋይል ይጠገናል፣ ሙሉው ከሞተ ግን አይረዳም። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ኮምፒውተሩን መዝጋት አይበቃም፤ የኤሌክትሪኩንም የኔትወርኩንም ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ስትጨርሱ አንድ ሙከራ አድርጉ። አንድ ትንሽ ፎልደር ከዲ1 አንስታችሁ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡና "ፊክስ" ላይ "ማይነስ ኤም" ጨምሩ፤ የጎደለውን ብቻ ይመልሳል። የተመለሰውን ከዴስክቶፑ ጋር አስተያዩ። ከዚያ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ዲስክ ስም፣ የድራይቭ ፊደል፣ የሴሪያል ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደልና የመመለሻውን ትእዛዝ ጽፋችሁ የኮምፒውተሩ ካሳ ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ ከላይም በትልቁ "ዲስክ ከጠፋ ሲንክ አይነካ፣ ደውሉ" ብላችሁ የስልክ ቁጥራችሁን አስቀምጡ። እናንተ መስክ ላይ ሠርግ ስትቀርጹ ስቱዲዮ የሚቀመጠው ልጅ የሚያነበው እሱን ነው።